ከቪዲዮ ዴክ ወደ ዲቪዲ ሪከርደር፦ የሰርግ ካሴታችሁን ራሳችሁ ወደ ዲስክ የምታዛውሩበት መንገድ

እቤታችን ቁም ሣጥን አናት ላይ 14 የቪዲዮ ካሴት ነበር። የአንዱ ጀርባ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰርግ 1987 ቁ. 2 መልስ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥር 1 የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ጎረቤት ተውሶ አልመለሰውም የሚሉ አሉ፣ የለም ያኔውኑ ኳስ ተቀድቶበታል የሚሉም አሉ። ያሉትን 14ቱን ግን በአንድ ክረምት ወደ ዲስክ አዛወርኳቸው። አንድ ካሴት አስበልቼ፣ ሦስት ዲስክ አክስሬ የተማርኩትን ነው የምጽፈው።

ነገሩን የሚያስቸኩለው ዴኩ ነው። በዓለም የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ምርቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው፤ ጎማው የደረቀ፣ የካሴቱን ክር የሚያነበው ሄዱ የተበላ። ባዶ ዲቪዲ ላይ የሚቀዳው ሪከርደሩም ቢሆን እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም።

«ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቅጃ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ርካሹን ሞክሬው ነበር፤ ቀረጻው በገፋ ቁጥር ድምፁ ከምስሉ ወደ ኋላ እየቀረ፣ ሽማግሌው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው ምርቃቱ የሚሰማው። ሪከርደር ለዚህ ብቻ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ ዴክ የለመደ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ዴክ ላይ ቀይዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ቀድታችሁ ካሴቱን ብታወጡት ሥራው አልቋል። ሪከርደር ላይ አላለቀም። ወደዚያ እንመጣለን።

መጀመሪያ ካሴቱ የት አገር እንደተቀረጸ እወቁ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ካሴት ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ነው። ከጀርመን፣ ከጣሊያን፣ ከእንግሊዝ፣ ከእስራኤል፣ ከኤምሬትስ የመጣውም እንደዚያው። ከአሜሪካና ከካናዳ የመጣው ኤንቲኤስሲ ነው። ፓል በሰከንድ 25 ምስል በ625 መስመር ይሠራል፤ ኤንቲኤስሲ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል በ525 መስመር። ሁለቱ አይግባቡም። የዋሽንግተኗ እህታችሁ የላከችውን የክርስትና ካሴት እዚህ ዴክ ውስጥ ስትከቱት ምስሉ የሚንከባለለውና ድምፁ የሚዛባው ካሴቱ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል።

ካሴቱ ላይ «ኢ-180» የሚል ካለ ለፓል ገበያ፣ «ቲ-120» የሚል ካለ ለኤንቲኤስሲ ገበያ የተሠራ ነው። ይሁንና ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ባዶ ቲ-120 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሰርግ የተቀረጸበት ብዙ ነው። ክሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የቀዳው ካሜራ ወይም ዴክ ነው። እንዲያውም የፓል ዴክ ክሩን ዝግ አድርጎ ስለሚስብ ያ የ2 ሰዓት ካሴት እዚህ 3 ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ ርዝመቱንም ከሽፋኑ ላይ አንብባችሁ አትመኑ።

አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የፓል ዴኮች «ኤንቲኤስሲ በፓል ቲቪ» የሚባል አሠራር አላቸው፤ የአሜሪካውን ካሴት ቲቪ ላይ ጥርት አድርገው ያሳያሉ። ሪከርደሩ ጋ ስታደርሱት ግን ምስሉ ይዘላል ወይም ጭራሽ አይቀዳም፤ ምክንያቱም የሚወጣው ሲግናል ፓልም ኤንቲኤስሲም ያልሆነ ቅልቅል ነው። ቲቪው ይቻለዋል፣ ሪከርደሩ አይችለውም። መፍትሔው ኤንቲኤስሲን እንዳለ የሚያወጣ ባለ ብዙ ሥርዓት ዴክ መዋስ ነው፤ ካልሆነም እዚያው አሜሪካ ያለ ዘመድ ቀድቶ ዲስኩን እንዲልክ ማድረግ።

ሪከርደር ስትገዙ

ያገለገለ ሪከርደር ያለ ሪሞት አትግዙ። ዋጋው በግማሽ ቢቀንስም አትግዙ። ኋላ የምንነጋገርበት ዲስክ የመዝጋት ሥራ በብዙ ሞዴሎች ላይ በሪሞቱ ሜኑ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ያሉት ቁልፎች መክፈት፣ ማጫወትና መቅዳት ብቻ ናቸው።

ሃርድ ዲስክ ያለው ከተገኘ እሱን ምረጡ። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ላይ ትቀዳላችሁ፣ ትርፉን ትቆርጣላችሁ፣ ከዚያ ዲስክ ላይ ታወርዱታላችሁ፤ የዲስክ ብክነት የለም። ካሴትም ዲስክም የሚያጫውተው ጥምር ዕቃ ደግሞ ምቹ ነው፣ ገመድ አያስፈልገውም። ችግሩ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱም ጥገና ቤት መሄዳቸው ነው። እኔ ለየብቻ ይሻላል ባይ ነኝ። አሮጌ ካሴት የሚያወዛውዘውን ምስል በማርጋት በዚህ ሥራ ላይ ባሉ ሰዎች ዘንድ ስማቸው የሚነሳው የፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ዲኤምአር-ኢኤስ15 ናቸው፤ ካጋጠማችሁ አትለፏቸው።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ 5 ደቂቃ አስቀዱ፣ ዲስኩን አስዘጉ፣ ከዚያ ሌላ ዲቪዲ ማጫወቻ ላይ አስከፍቱ። ሻጩ «ይሠራል፣ እመነኝ» ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።

ባዶ ዲስኩን በተመለከተ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚቀዳባቸው ዲቪዲ ሰረዝ አር እና ዲቪዲ ፕላስ አር አሉ፤ ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት ናቸው። ሪከርደራችሁ የቱን እንደሚቀበል ፊቱ ላይ ካለው ምልክት ታያላችሁ። ተሰርዞ የሚቀዳበትን አርደብልዩ ሁለት ያህል ለልምምድ ግዙ። ለሰርጉ ግን አንድ ጊዜ የሚቀዳውን ተጠቀሙ፤ አርደብልዩ ላይ የተቀመጠ ሰርግ አንድ ቀን ተከታታይ ድራማ ይቀዳበታል። የቁጥር 1ን ታሪክ ነግሬያችኋለሁ።

ካሴቱን አዘጋጁ

ከሁሉ በፊት የካሴቱን ጀርባ፣ ጽሑፍ የሚለጠፍበትን ጠርዝ እዩ። ግራ ጥጉ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ጥርሷ ካለች ካሴቱ ላይ መቅዳት ይቻላል ማለት ነው፤ በጠፍጣፋ ነገር ስበሯት። ከተሰበረች በኋላ ዴኩ ቀይዋን ቁልፍ ብትጫኑም እሺ አይልም። ሁለት ዕቃ አገናኝቶ ሲቀዱ የትኛው ላይ ቀይ እንደሚጫኑ የሚምታታበት ሰው እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ካገኛችሁት ደግሞ ሆን ተብሎ እንደገና ለመቅዳት የተደረገ ነውና ፕላስተሩን አንሱት።

ቀጥሎ በመስኮቷ በኩል የተጠመጠመውን ክር በብርሃን እዩ። ጥቁር፣ አንጸባራቂና ለስላሳ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ እንደ ዱቄት ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ዴኩ ውስጥ አታስገቡት፤ ሄዱን ያቆሽሻል፣ ከዚያ በኋላ የምታስገቡትን ካሴት ሁሉ ይበክላል። የሻገተ ካሴት ለብቻው በፌስታል ተጠቅልሎ ባለሙያ እስኪገኝ ይቆይ።

ደህናውን ካሴት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ለዓመታት አንድ ቦታ ቆሞ የኖረ ክር ጥምጥሙ ይላላል፣ እርስ በርሱም ይያያዛል። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው የመጀመሪያውን ካሴት ዴኩ የበላው፦ ጨዋታው መሃል ላይ ኪርር የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ምስሉ ጠፋ፣ በሩን ከፍቼ ሳይ አንድ ክንድ የሚሆን ክር እንደ ተጨማደደ ነጠላ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ሲሆን አትጎትቱ። ዴኩን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ክዳኑን ከፍታችሁ፣ ክሩን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አላቁት፤ ከዚያ የካሴቱን መዘውር በጣት አዙራችሁ መልሱት። የተጨማደደው ቦታ ላይ ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ይበላሻል፣ የቀረው ይተርፋል።

ሄዱን ማጽዳት የሚፈራ ሥራ ነው፤ ሊፈራም ይገባል። ዴኩ ውስጥ ያለው የሚያብረቀርቅ ጋን መሳይ ብረት በፓል በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ሄዶቹ ጠርዙ ላይ የተቀመጡ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። የጥጥ ጫፍ ያለው እንጨት የጥጡን ጭረት እዚያ ላይ ትቶ፣ ሄዱን ይዞ ይነቅላል። ለስላሳ ሻሟ ቆዳ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥባችሁ፣ ጋኑ ላይ ደገፍ አድርጋችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙት፤ በሌላው እጃችሁ ጋኑን ከላይ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች ፈጽሞ አታሹ። ካቲካላም ሽቶም አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ሳይደርቅ ካሴት አታስገቡ።

ገመዱ

ቢጫው ምስል ነው፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው። ከዴኩ መውጫ ወደ ሪከርደሩ መግቢያ፤ ከሪከርደሩ መውጫ ወደ ቲቪ። ቲቪውን ዴኩ ላይ አትሰኩት። በሪከርደሩ በኩል ካላያችሁ ሪከርደሩ ምን እየተቀበለ እንደሆነ አታውቁም።

ብዙ አሮጌ ዴክ ሞኖ ነው፣ የድምፅ መውጫው አንድ ብቻ። ያንን አንዱን ነጩ መግቢያ ላይ ሰክታችሁ ከተዋችሁት ዲስኩ ላይ ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዱን ለሁለት የምትከፍል ትንሽ ገመድ አለች፤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄዳችሁ «ለሁለት የምትከፍል» ብትሉ ይገባቸዋል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ስካርት የሚባለውን ባለ 21 እግር ሰፊ መሰኪያ ስትጠቀሙ አስማሚው ላይ ያለችውን መግቢያና መውጫ የምትቀይር ማብሪያ አትርሷት።

ሁሉን ሰክታችሁ ቲቪው ጥቁር ከሆነ ገመድ መንቀል አትጀምሩ። በሪከርደሩ ሪሞት ላይ መግቢያ የሚመርጠውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ከኋላ የሰካችሁት ኤቪ 1፣ ከፊት የሰካችሁት ኤቪ 2 ወይም 3 ሊባል ይችላል። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙ ችግሩ እዚህ ነው።

ስንት ሰዓት በአንድ ዲስክ?

ሪከርደሩ አራት ያህል የጥራት ደረጃ አለው። በ4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ኤክስፒ 1 ሰዓት፣ ኤስፒ 2 ሰዓት፣ ኤልፒ 4 ሰዓት፣ ኢፒ ደግሞ እንደ ሞዴሉ 6 ወይም 8 ሰዓት ይይዛል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመርጠው ኢፒን ነው፤ 14 ካሴት በ6 ዲስክ ሊያልቅለት! እኔም መርጬ ነበር። ሰዎቹ ተቀምጠው ሲበሉ ምንም አይልም። እስክስታው ሲጀመር የሙሽራው አጎት ትከሻ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ አለ። ፊታቸውም ተከተለ። ትንሽ ቦታ የተሰጠው ዲስክ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲመጣበት የሚያደርገው ይህንን ነው። አሮጌ ካሴት ላይ ያለው የሚርመሰመስ ነጠብጣብም ለሪከርደሩ እንቅስቃሴ ነውና ቦታውን ይሻማል።

ስለዚህ ኤስፒ። ካሴቱ 3 ሰዓት ከሆነ ሁለት ዲስክ ላይ ክፈሉት፤ መቁረጫውንም ዝግጅቱ ይንገራችሁ፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ። ዲስኩ ስለሞላ ብቻ መሃረብ ሲውለበለብ የሚቋረጥ ሰርግ ያናድዳል። ፓናሶኒክና አንዳንድ ሌሎች ላይ ደግሞ የምትፈልጉትን ርዝመት ነግራችሁት ጥራቱን ራሱ የሚያስተካክል ምርጫ አለ፤ 2 ሰዓት ከ10 ለሆነ ካሴት ተስማሚ ነው። ኤክስፒ ለተጎዳ ካሴት ካልሆነ ብክነት ነው፤ ካሴቱ ራሱ ያልያዘውን ጥራት ዲስክ አይፈጥርለትም።

መቅዳት

መጀመሪያ ለልምምድ በገዛችሁት ዲስክ ላይ ጭፈራ ያለበትን ቦታ 2 ደቂቃ ቅዱና ተመልከቱ። ምስሉ ሥር ወይም አናት ላይ የሚንቀጠቀጥ መስመር ካለ ዴኩ ላይ ትራኪንግ የሚለውን፣ ሄዱ ክሩን በትክክል እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ አጥሩት፤ አንድ ካሜራ ማን የቀዳው ካሴት ሁሉ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው የሚጠራው።

ከዚያ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሱ። ሪከርደሩን መጀመሪያ አስነሱ፣ አምስት ሰከንድ ቆይታችሁ ዴኩን አጫውቱ፤ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጥቁር ቢኖር ማንንም አይጎዳም፣ የተቆረጠ መግቢያ ግን አይመለስም። ካሴቱ ሲያልቅ ሪከርደሩ አያውቅም፣ ሰማያዊውን ባዶ ምስል ዲስኩ እስኪሞላ ይቀዳዋል። ብዙዎቹ ላይ የመቅጃ ቁልፉን ደጋግሞ በመጫን በ30 ደቂቃ ጭማሪ የማቆሚያ ጊዜ መስጠት ይቻላል።

ስለ መብራት መናገር አለብኝ። በቀረጻ መሃል መብራት ቢጠፋ ካሴቱ ምንም አይሆንም፤ የዲስኩ ነገር ግን እንደ ሪከርደሩ ነው፤ አንዳንዱ ሲበራ ያስተካክለዋል፣ አንዳንዱ ዲስኩን ከነጭራሹ አይከፍተውም። ስታብላይዘር ከዚህ አያድንም፣ እሱ የሚያመጣጥነው ከፍና ዝቅ የሚለውን ነው። የሚያድነው መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው። የኮምፒውተር ትንሹ ዩፒኤስ ይበቃል፤ ቲቪውን አትሰኩበት፣ ሪከርደሩን ብቻ። ዓላማው ቀረጻውን በሥርዓት አቁሞ መዝጊያ ደቂቃ ማግኘት ነው።

ከሱቅ የተገዛ ፊልም ከሆነ ሪከርደሩ «መቅዳት አይፈቀድም» የሚል መልእክት ያወጣል፤ የቅጂ መከላከያ አለበት። የሚገርመው የራሳችሁ የልደት ካሴትም አልፎ አልፎ ይህን ያመጣል። ያረጀ ክር የሚያወጣውን የተዛባ ሲግናል ሪከርደሩ መከላከያ ይመስለዋል። ትራኪንጉን አስተካክሉ፣ ሄዱን አጽዱ፣ ካልሆነ ሌላ ዴክ ሞክሩ።

ዲስኩን ሳትዘጉ ሥራ አላለቀም

ሪከርደሩ ሜኑ ውስጥ «ፋይናላይዝ» የሚል አለ። ይህ ዲስኩን ሌላ ማጫወቻ በሚገባው መንገድ የሚዘጋ ሥራ ነው። ሳይዘጋ የወጣ ዲስክ የቀዳው ሪከርደር ላይ ብቻ ይታያል፤ ሌላው ዕቃ ባዶ ነው ይላችኋል። እኔ «ሁሉንም በመጨረሻ አንድ ላይ እዘጋቸዋለሁ» ብዬ ሦስት ዲስክ አስቀመጥኩ። ሪከርደሩ በሳምንቱ ዲስክ ማንበቢያው ተበላሸ። ሦስቱም ዲስኮች ውስጥ ሰርግ አለ፣ ግን የሚከፍታቸው የለም። አይሶባስተር የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ዲስክ ሊያነብ እንደሚችል የተማርኩት ዲስኮቹን ከጣልኳቸው በኋላ ነው፤ እናንተ አትጣሉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ስም ስጡት። አንዴ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጊዜ የሚቀዳ ዲስክ ላይ ስም መቀየርም፣ መጨመርም አይቻልም። መዝጋቱ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ምንም አትንኩ። ሲያልቅ አውጥታችሁ ሌላ ማጫወቻ ላይ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን እዩ። ይህን ሳታዩ ወደ ቀጣዩ ካሴት አትለፉ።

ዲስኩ ላይ በለስላሳ የዲስክ ማርከር፣ ቢቻል መሃል ቀለበቱ አካባቢ ጻፉ። የሚለጠፍ ወረቀት ዲስኩን ሚዛን ያሳጣዋል፣ በሙቀትም ይነሳል።

ከቲቪ መቅዳት ለምትፈልጉ

ሪከርደሩ የዲሽ ቻናል በራሱ አይስብም። ከሪሲቨሩ መውጫ ወደ ሪከርደሩ መግቢያ ታገናኛላችሁ፤ በቀጠሮ ስታስቀዱ ሪሲቨሩ በርቶ ትክክለኛው ቻናል ላይ መቆየት አለበት። የሰዓቱን ነገር ልብ በሉ፦ ሪከርደሩ የሚያውቀው የፈረንጁን 24 ሰዓት ነው። የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ለማስቀዳት 20:00 ነው የሚሞላው። 2:00 ከሞላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚተላለፈውን ቀድቶ ይጠብቃችኋል።

ከዲስኩ በኋላ

ዲስክም ይጫራል፣ ርካሹ ደግሞ ሳይጫርም በራሱ ያረጃል። ስለዚህ የተዘጋውን ዲስክ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ፤ ውስጡ ያሉትን ማኅደሮች እንዳሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ፋይሎቹ እስከ 1 ጊጋባይት እየተከፈሉ ስለሚቀመጡ ቴሌግራም ለአንድ ፋይል ከሚፈቅደው 2 ጊጋባይት አያልፉም፣ አንድ በአንድ መላክ ይቻላል።

ዲስኩን በፖስታ አሜሪካ ለምትልኩ፦ እቤት የተቀዳ ዲስክ እንደ ፊልም ዲስክ የአገር ክልል ቁልፍ የለበትም። የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት ግን እንዳለ ነው፤ እዚያ ያለው ብዙ ማጫወቻ የፓሉን ዲስክ አያሳይም። ኮምፒውተር ሁለቱንም ያሳያል። እኔ ፖስታው ላይ «ቲቪ ላይ እንዳትሞክሪው፣ ላፕቶፕ ላይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ያም ሆኖ መጀመሪያ የሚደወልልኝ «ባዶ ነው የላክልኝ» ተብሎ ነው።